የሳህኑ ጀርባ

የፋብሪካው ጡሩምባ ፈረቃ ሲቀይር፣
ጣና እርሳስ መስሎ ሊመሽ ሲያንገራግር፣
ሚስ ኢዲት መጣች ከአስተማሪዎች ሰፈር፤
ጫማዋ በጣቷ ተንጠልጥሎ፣ ጭቃችንን እየቀዘፈች፣
እንደ ታመመ ሕፃን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ደረሰች።

እናቴ ውዳላት ጋን ትሠራለች። እኔ ሰባት ዓመቴ፣
ጭቃ ረጋጭ ነኝ፣ እስከ ጉልበቴ።
ቤታችን ከድልድዩ ማዶ፣ ደንገሉ ከሚሳሳበት፣
ገዢ በቀን መጥቶ ሳይመሽ ከሚሸሽበት።
ከእጃችን ውሃ አይጠጡም፤
ውሃቸው ግን ከእንስራችን ሌላ ማደሪያ የለውም።

«ሳህን ነው» አለች ሚስ ኢዲት፣ «የአያቴ አያት ሳህን፤
መርከብ ላይ ተሰነጠቀ። ትጠግኚልኝ እንደሆን።»

ጋዜጣው ሲፈታ ነጭ ወጣ፣ የረጋ እርጎ የመሰለ፣
ዙሪያ ጠርዙ በሰማያዊ ሰረዝ እንደ ሽፋሽፍት የተኳለ፤
መሐሉ ላይ አዳምና ሔዋን፤ ሠዓሊው ቸኩሎ ኖሮ
ዛፉን በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ አድርጎት፣ ደመና ግንድ ላይ ታስሮ።
«ሁለቱም ሁለት ዓይን አላቸው» አለች እናቴ፣ የዘጌን ግድግዳ አስባ፤
«ገና አልቀመሱም። እባቡ ነው ባንድ ዓይኑ የሚያደባ።»

ከዚያ ገለበጠችው።
ገበያ ፊት ያያል። ሠሪ ግን የሚያነብ ጀርባ ነው።

ጀርባው ነጭ አልነበረም። አረንጓዴም ቢጫም የሆነ ነገር፣
ስስ እርሳስ ተቀብቶ፣ ከሥሩ አፈሩ የሚናገር።
«እዚህ ጋ ቆጥበዋል» አለች።
ጠርዙ ከተሸረፈበት ጥፍሯን ሰደደች፣
ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ ቀመሰች፣
ሳቀች።
«አፈር ነው እኮ! ክቱን የለበሰ አፈር።
ነጩስ ምንድን ነው?»

ሚስ ኢዲት ከቦርሳዋ መዝገበ ቃላት አውጥታ ፈለገች።
«ቆርቆሮ» አለች። «አቃጥለው፣ ፈጭተው ቀቡት።
የቻይናው ውድ ነበር። እሱን እንዲመስል ፈልገውት።»
እናቴ ቀና ብላ የቤታችንን ሣር አየች፤
ክረምቱ የገባበትን ቀዳዳ፣ የጠቆረውን ማገር።
«እኛ ለክዳን ያጣነው፣
ለእናንተ የሳህን ሸማ ነበር?»

ከጠርዙ በታች ሦስት ጠባሳ ነበረ፤
እሳት ውስጥ ቆሞ ሳለ የተደገፈበት።
ሦስት ጣቷን ሦስቱ ላይ አኖረች፣
ብዙ ቆየች፤ እኔም ጭቃዬን መርገጥ አቆምኩላት።
«ጉልቻ» አለች። «እነሱም ጋ ሦስት ነው።»

«ማን ሠራችው?»
«አይታወቅም። ሦስት መቶ ዓመት ሆነው። ወንድ ነው የሠራው።»
«ወንድ ጭቃ ይነካል?» ብላ እናቴ አፏን ያዘች።
ቀጥላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«ጎረቤቱስ? ከእጁ ይጎርስ ነበር?
ልጃቸውን ይድሩለት ነበር?
ቡዳ ይሉት ነበር ወይ?»

ሚስ ኢዲት ቃሉን አላወቀችውም።
መጽሐፉን ገለጠች፣ ጣቷ በገጹ ወረደ፦
ቡላ፣ ቡራኬ፣ ቡቃያ፣ ቡችላ፣
ቡና ላይ ስትደርስ እናቴ እጇን ሰዳ መጽሐፉን ከደነችው።
«ተይው» አለች። «ስንጥቁን ልየው።»

በዋርካ ወተትና በነፋችው አመድ አጣበቀችው።
«ውሃ እንዳታሳዪው» አለች። ገንዘቡንም መለሰችው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ስምንት ጋን ወደ ገበያ አወጣን፤
አንገታቸውን ዙሪያውን፣ ገና እርጥብ ሳሉ፣
በደንገል ስንጥር ሰረዝ ሰረዝ አድርጋቸው ነበር።
ከመሸንቲ የመጣች አንዲት ሴት
ጋኑን በጉልበቷ አዘንብላ፣ በጣቷ ጠቆመች፦
«ይኼ ምንድን ነው? ተሰንጥቋል?»
«ሽፋሽፍት ነው» አለች እናቴ።
ሴትየዋ ስሙኒ ቀነሰችባት።